ጠበል የነካው ካርድ

ባሌን የምሰድብ እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው አፉን ሲከፍትበት አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ጸጉር ቤቴ የሚመጡ ሴቶች ወሬውን ከጫፉ ይዘው “የዓለምዘርፍ፣ ይሄይስ ቄስ ሰደበ የሚሉት እውነት ነው እንዴ?” እያሉ ስላስመረሩኝ ነው። እውነት ነው፣ ሰድቧል። ጸጉር እያጠብኩ ቆራርጬ የምነግራችሁ ነገር ግን አይደለም። ተቀመጡና ከነሥሩ ስሙት።

ይሄይስ የሠርግ ቪዲዮ ነው የሚሠራው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ካገባው ሰው ግማሹ እሱ ካሜራ ፊት ጨፍሯል። ሳሎናችን ጥግ ላይ ደግሞ ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሞ የገጣጠመው ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር አለ፤ የሶፋ ቦታ ይዞ ቀንም ሌትም ያጉረመርማል። የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ኮምፒውተር አለ። እሱ “ቨርቹዋል ማሽን” ይላቸዋል፣ እኔ ተከራዮቹ እላቸዋለሁ። አንዱ ተከራይ ሰፈሩ የሚያየውን ፊልምና መዝሙር ያስቀምጣል። አንዱ የጸጉር ቤቴን ካሜራ ይጠብቃል። ሦስተኛው ዊንዶውስ ነው፤ ሠርግ የሚቀናበረው እሱ ላይ ነው። ቪዲዮ ማቀናበር ምስሉን የሚፈጭ ግራፊክስ ካርድ ካልተገኘ አይሆንም፤ ካርዱ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ አከራዩ፣ ዋናው ኮምፒውተር ማለቴ ነው፣ “እኔ አልነካውም” ብሎ ካርዱን ለዊንዶውስ በቀጥታ ያስረክባል። ይቺን ርክክብ ለማስተካከል ይሄይስ ክረምቱን ሙሉ ከማሽኑ ጋር ሲታገል ከረመ። የሠራለት ቀን ብቻውን ሳሎን መሀል እስክስታ ወረደ።

በነጋታው የንስሐ አባታችንን መምሬ ፍሥሐን ጠርቶ “ለዚህም ይጸልዩለት” አላቸው። መምሬ በሳቅ ሞቱ። “ለበሬም ረጭቻለሁ፣ ለጎተራም ረጭቻለሁ፣ ለሚያጉረመርም ሣጥን ግን የመጀመሪያዬ ነው” ብለው ክዳኑ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉለት። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ማሽኑን ረስተውት አያውቁም። እሱ ነዋ የለመናቸው!

መምሬ ማለት እኛን ያጋቡ፣ ይሄይስን ደግሞ በልጅነቱ አባቱ ሲሞት በምክር ያሳደጉት ሰው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ዓለም አስጠላቻቸውና ዲማ ገዳም ሄደው ሊመነኩሱ ቆረጡ። ስልካቸውን ሳይቀር ለልጃቸው ለየብርጓል ሰጧት። ከጥምቀት በኋላ የንስሐ ልጆቻቸውን ቤት ለቤት እየዞሩ መሰናበት ጀመሩ። ይጸልያሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ በመጨረሻ “ይቅር በሉኝ” ይላሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ “እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ” ማለት አለበት። ቆብ የሚደፋ ሰው ይቺን ቃል ከሁሉም ሳይሰማ ከሄደ ልቡ አያርፍም ይባላል፤ ስለዚህ እሳቸውም ሳይሰሙ ከቤት አይወጡም ነበር።

እኛ ቤት የመጡ ዕለት መብራት ስንት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ ጠዋት ነበር የመጣው። ይሄይስ የማርቲን ሠርግ ለማስረከብ ቸኩሏል፤ ማርቲ የእናቴ ጎረቤት ልጅ ናት፣ ከባሏ ጋር ወደ ጎንደር ልትሄድ ነው። መብራቱ ሲመጣ፣ ሳላበራው አቧራውን ላራግፍ ብሎ የማሽኑን ጎን ከፈተው። በዚህ መሀል የሠርጉን ቀሪ ምስል የያዘ ሰው በር ላይ ጠራውና ወጣ። መምሬ ጓዳውን ረጭተው፣ መኝታ ቤቱን ረጭተው፣ ወደ ሳሎን ተመልሰው እንደ ልማዳቸው ለጥጉ ማሽንም ጣል አደረጉ። የጎኑ ክዳን መነሣቱን በምን ይወቁት? ለሳቸው ያው ሣጥን ነው።

ይሄይስ ሲመለስ ካርዱ ላይ ጠብታ አየ። ፊቱ ልክ እንደ አመድ ሆነ። ጨርቅ አለ፣ የጸጉር ማድረቂያሽን አምጪ አለ፣ ወላ ሱሪው ወላ ምንጣፉ ሳይል መሬት ተንበርክኮ አደረቀው። መምሬ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። “ምን አደረግሁ ልጄ?” ይላሉ፤ እሱ ማድረቁ ላይ ነው። ያችን “ይቅር በሉኝ” ገና ስላላሉ ተነሥተው መሄድ አልቻሉም።

አበራው። አከራዩ ተነሣ። ፊልሙ ተነሣ። የእኔም ካሜራ ተነሣ። ዊንዶውስ ሲባል ግን ወይ ፍንክች! ካርዱን ማስረከብ አልቻልኩም የሚል ቀይ ጽሑፍ መጣ። አጠፋ፣ አበራ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ላይ ዘወር ብሎ፣ ያን ሁሉ ዓመት ጉልበታቸውን ሲስም የኖረውን ሰው፣

“መምሬ፣ ዐይንዎ ማየት ካቆመ ምነው ቤትዎ ቢቀመጡ!” አላቸው። “የሰው እንጀራ ላይ ውሃ እየደፉ መዞር መባረክ ነው እንዴ? ከዚህ ወዲያ የሚገቡበትን ቤት እግዜር ይሁነው!”

እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። መምሬ ቀስ ብለው ተነሡ። ጎንበስ አሉና፣ እኚያ ሽማግሌ፣ ለልጃቸው፣ “ይቅር በለኝ ልጄ” አሉት።

ይሄይስ ጀርባውን ሰጥቷቸው ማሽኑ ላይ አቀርቅሯል። እኔ “እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ መምሬ፣ ኧረ ባክዎ ቀና ይበሉ” አልኩ። እሳቸው የጠበቁት የእኔን አይደለም። በሩ ላይ ደርሰው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ በሃይላንድ የያዙትን ጠበል ነጠላቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ።

ያን ቀን ያወረድኩበትን ውርጅብኝ አልደግመውም፤ አንዳንዱ ለጆሮም አይሆን። “ተከትለህ ሂድ፣ በር ላይ ድረስባቸው” አልኩት። “ካርዱ ተቃጥሎ ሳለ ምን ልበላቸው?” አለ። በማግስቱም አልኩት፣ በሳልስቱም አልኩት። “መጀመሪያ ማሽኑን ላስተካክል፣ በንዴት ብሄድ ሌላ ነገር እናገራለሁ” ይላል። አዬ! ሰውየው ካፈርኩ አይመልሰኝ እያለ ነው። እኔ ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሲያፍር ነው እንደ በሬ ግንባሩን የሚያጠነክረው።

መምሬ ወደ ዲማ የሄዱ ዕለት መናኸሪያ የሸኘኋቸው ብቻዬን ነው። ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ከኋላዬ ሰው ፈለጉ። “ይሄይስስ?” አሉኝ። “ሥራ ይዞት ነው መምሬ፣ ሰላም በይልኝ ብሏል” አልኩ። “ማሽኑስ? ተነሣ?” አሉኝ። “ይነሣል” አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይሄይስ ያን ሰሞን ያላደረገው የለም። ያኔ ዳታ ተቋርጦ ነበር፤ እንደ ድሮው ኢንተርኔት ገብቶ ይሄ ምን ይሆን ብሎ መጠየቅ አይቻልም። ካርዱን ከአንዱ ማስገቢያ ነቅሎ ወደ ሌላው ሰካው። ካርዱ የሚሰካበትን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ ፈተገው። የሠርጎቹን ምስል ሳይነካ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነው። ባሕር ዳር ላለው ጓደኛው ለአገኘሁ ደውሎ ያማክረዋል፤ አገኘሁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ “ሌላ ካርድ ሰክተን ካላየን በስልክ ሐኪም አልሆንም” ይለዋል። መንገዱ ደግሞ ሲዘጋ ሲከፈት፣ አገኘሁ ሳይመጣ ሁዳዴ ገባ። የማርቲ እናት ጸጉር ቤቴ ድረስ መጥታ ደንበኛ ፊት ጮኸችብኝ። ልጅቷ ሠርጓን ሳታይ ጎንደር ገባች። ይሄይስ ይህን ሁሉ በሰማ ቁጥር “ያቺ ጠበል!” ይላል። አንድ ቀን ብርጭቆ ወርውሬበታለሁ፤ ፕላስቲክ ነበር።

አገኘሁ በመጨረሻ መጣ፤ የራሱን ካርድ በፎጣ ጠቅልሎ ይዟል። የእኛን አውጥተው የሱን ሰኩ። አበሩት። አከራዩ ተነሣ፣ ተከራዮቹ ተነሡ፣ ዊንዶውስ ጋ ሲደርስ ያው ቀይ ጽሑፍ፣ አንድ ፊደል ሳይለወጥ።

አገኘሁ ተንከትክቶ ሳቀ። “የእኔንም ካርድ መምሬ ረጭተውት ይሆን?” አለ።

ይሄይስ አልሳቀም። ወንበሩን ስቦ ማሽኑ ሲነሣ የጻፈውን ሁሉ ከላይ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንበብ ያዘ። ብዙም አልሄደ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ቀን የስንት ዓመት አሮጌ ቀን ነው። እኛ ሳንጋባ የነበረ ዘመን! ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቀረ።

አገኘሁ ነው ለእኔ ያብራራልኝ። ማሽኑ ውስጥ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች፤ መብራት ሲጠፋ ቀኑንና የታዘዘውን ነገር የምታስታውሰው እሷ ናት። እሷ ሞታለች። ያኔ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆየውም ትልቁ ባትሪ አልቆ፣ ማሽኑ ሁሉን ረስቶ እንደ ተወለደበት ቀን ሆኗል። ካርዱን ለተከራይ አስረክብ የምትለዋ ፈቃድም አብራ ጠፍታለች። ጠበሉ አልደረሰበትም። መምሬ በራችንን ሳያንኳኩ በፊት የሆነ ነገር ነው።

አገኘሁ ባትሪዋን በአዲስ ተክቶ፣ የማሽኑ ሆድ ውስጥ ገብቶ አንዲት ፈቃድ መልሶ አበራ። ያንኑ የእኛን ካርድ፣ ተቃጠለ የተባለውን፣ መልሶ ሰካ። ዊንዶውስ ወዲያው ተነሣ፤ ማርቲ በነጭ ቀሚሷ ከመኪና ስትወርድ ስክሪኑን ሞላችው። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት ይሄይስ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

“ቀኑ በመጀመሪያው ዕለትም እዚያው ተጽፎ ነበር” አለ። “አላነበብኩትም። ውሃውን ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር አላየሁም።” ከዚያ ቀና ብሎ “ዓለሜ፣ ምን ነበር ያልኳቸው?” አለኝ።

“ታውቀዋለህ” አልኩት። ስንት ቀን አፌ ላይ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው፣ ተውኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ እኔ ብጨምርበት ምን ይረባዋል?

በነጋታው ጸጉር ቤቴን ዘግቼ በቁይ ከተማ በኩል ወደ ዲማ ሄድን። ይሄይስ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለውን እያጠና ነው። የሞተችውንም ባትሪ በኪሱ ይዟል። “ምን ልታደርጋት ነው?” ስለው “ላሳያቸው፣ እሳቸው እንዳልሆኑ በዐይናቸው ይዩ” አለኝ። ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ቀደም ቀደም እያለ አሰለቸኝ። ጠብቀኝ ስለው አይሰማም። በልቤ ‘ያን ቀን እስከ በር ድረስ እንዲህ ብትሮጥ ኖሮ’ እላለሁ፤ በአፌ አላወጣሁትም።

ገዳሙ በር ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አገኘን። “መምሬ ፍሥሐን ፈልገን ነበር፣ ከማርቆስ የመጡ” አላቸው ይሄይስ።

“ፍሥሐ ሞቷል” አሉ ሰውየው። “ተፈትቷል፣ ተቀብሯል።”

ይሄይስ ድምፅ አወጣ፤ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ አልናገርም። መሬቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔም አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መነኩሴው ደነገጡ። “ኧረ በማርያም፣ ተነሡ!” አሉ። “ለዓለም ሞቷል ማለቴ ነው፤ መነኩሴ ሲሆን ፍትሐት ይደገምለት የለ! አሁን ስሙ አባ ወልደ ሰንበት ነው። ያው ከውስጥ ነው፣ ልጥራላችሁ።” እኔ እንኳን ለአንዳንድ ሰው ምላሱን ምነው አንድዬ ቢያስርለት ብዬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መምሬ መጡ፤ እኔ አሁንም መምሬ ነው የምላቸው። ከስተዋል። ቆቡ ሰፍቷቸው ጆሯቸው ላይ ወርዷል። ይሄይስ ያጠናውን ሁሉ ረሳው። እግራቸው ላይ ወድቆ “ጠበሉ አይደለም መምሬ! ባትሪ ነው! እርስዎ ሳይመጡ በፊት የሞተ ባትሪ ነው! ይቺውልዎ!” እያለ ያቺን ቁራጭ ብረት ዘረጋላቸው። ተቀበሏት። ወደ ዐይናቸው አስጠግተው አገላበጧት።

“ማሽኑ ተነሣ?” አሉ።

“ተነሣ። ካርዱ ምንም አልሆነም።”

“እሰይ! እሰይ ልጄ! እመቤቴ ትመስገን!” ብለው እንደ ሕፃን ተደሰቱ። ስለ ስድቡ አንድም ቃል አልተነፈሱም። ይሄይስ “ያን ቀን ይቅር በለኝ ሲሉኝ ዝም አልኩ። እርስዎ ምን አጠፉና! እኔን ይቅር ይበሉኝ” አለ። እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው “እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ” አሉት። እሱም ያችን የዘገየች ቃል እያለቀሰ መለሰላቸው። እኔ እፎይ አልኩ። አለቀ፣ ደቀቀ ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

“በሉ እንግዲህ መምሬ፣ መንገዱ እንዳይዘጋብን ጠበል ይርጩንና እንሂድ” አልኩ።

ፊታቸው ተለወጠ። “እሱን አሁን በር ላይ ያገኛችኋቸው አባት ይረጩላችኋል” አሉ።

“ምነው? እርስዎ እያሉ?” አልኩ።

“ከእናንተ ቤት ከወጣሁ በኋላ የቀሩኝ ቤቶች ነበሩ” አሉ። “ጸሎት አደርስ ነበር፣ በመስቀል እባርክ ነበር፤ ጠበሉን ግን አላወጣሁትም። የሰው ቤት ምን እንዳለው አላውቅም፤ ዐይኔም እውነት ደክሟል። ወለተ ኢየሱስ ቤት ገባሁ።”

እማማ ወለተ ኢየሱስ ከኛ በታች የነበሩ፣ ከአልጋ የማይነሡ አሮጊት ናቸው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ነው የቀበርናቸው።

“‘አባቴ፣ ጠበሉስ?’ አለችኝ” አሉ መምሬ። “አልጋው ራስጌ ላይ ኦክስጅን ነው ምን የሚሉት ማሽን ቆሟል፤ ይንጣጣል። ፈራሁ። ‘አልቆብኛል ልጄ’ አልኳት። ሃይላንዱ ነጠላዬ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ‘ይሁን፣ ሌላ ቀን’ አለችኝ። ሌላ ቀን አልመጣም። በክህነቴ እንዲህ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም። እዚህም ከመጣሁ ለሰው ልርጭ ብል እጄ እምቢ ይለኛል።”

ይሄይስ ከተንበረከከበት አልተነሣም። “እርስዎ ካልረጩኝ አልሄድም” አለ። “እዚሁ አድራለሁ። እዚሁ እከርማለሁ።” መምሬ ወደ እኔ አዩ፤ አንቺ አስነሺው እንደማለት። እኔ ደግሞ አጠገቡ ተንበረከክሁ።

ገብተው ጠበል በጣሳ ይዘው ተመለሱ። ጣሳውን በግራ እጃቸው ይዘው ቀኛቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ። ከዚያ ቆም አሉ።

“ስልክ ይዛችኋል?” አሉ።

ይሄይስ “ግድ የለም መምሬ፣ ይርጩ” አለ።

“የለም፣ አውጡት። ራቅ አድርጉት።” ስልካችንን አውጥተን ራቅ ብለን ሣሩ ላይ አስቀመጥን። “የእጅ ሰዓቱንስ?” አሉ። ፈታው። “ቦርሳሽ ውስጥ የሚበላሽ ነገር የለም ዓለሜ?” አሉኝ። ቦርሳዬን እንዳለ አነሣሁና በሩ ዘንድ አኖርኩት። ተመልሰን ተንበረከክን፤ ከለበስነው ልብስ በቀር ምንም ነገር የለንም። ይሄይስ አንገቱን ደፍቷል።

“ሌላ የሚበላሽ ነገር የለም?” አሉ መምሬ።

“የለም አባቴ” አለ ይሄይስ።

“እርግጠኛ ነህ ልጄ? ደህና አድርገህ እየው” አሉት፤ እጃቸውን ገና ከጣሳው አላወጡትም።